እንደ እንግዳ የሳመኝ ልጄ

ኮኪት ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነኝ። ሥራዬን የምወደው ለአንዲት ደቂቃ ስል ነው። ሕፃኑ እንደወጣ፣ ገና በቅጡ ሳይጠራረግ፣ አንሥቼ እናቱ ደረት ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሲጮህ የነበረው ዝም ይላል። እናትየዋም ያን ሁሉ ምጥ ረስታ እንደ ሞኝ ፈገግ ትላለች። ማራገቢያው መብራት ሲኖር ብቻ በሚዞርበት ክፍል፣ ላብ በጀርባዬ እየወረደ፣ ይህችን ደቂቃ ለማየት ብዙ ነገር ችያለሁ። እናትና ልጅ እንዲህ በቀላሉ ሲተዋወቁ ሳይ ኖሬ የራሴ ልጅ ግን ማን እንደሆንኩ ሳያውቅ ቀረ።

እዚህ ቆላ ላይ ደመወዝተኛ ሴት ስትወልድ፣ ገና ከአራስ ቤት ሳትወጣ የምትሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ለእናትሽ ላኪው፣ ደጋ ይደግ።» መምህራኑም ይልካሉ፣ ፖሊሶቹም ይልካሉ፣ እኛ የጤና ባለሙያዎቹማ የወባውን ነገር ስለምናውቅ ከሁሉም ብሰን እንልካለን። ልጁ ደጋ ላይ ጥርስ ያበቅላል፣ ይድሃል፣ አፉን ይፈታል፤ ይህን ሁሉ የሚያየው ሌላ ሰው ነው። እኔ እርጉዝ ሳለሁ «የእኔን ልጅ ማንም አይወስድብኝም» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬ ነበር። አፍ ምን አለበት!

ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው ሲዘረዝር ልጄን ወባ ያዘው። ያን ጊዜ ያለ ድጋፍ መቀመጥ መጀመሩ ነበር። አቅፌው ወደ ጤና ጣቢያው ሮጥኩ። የስንቱን ሕፃን ክንድ የወጋሁት ሴትዮ የራሴን ልጅ የደም ሥር ማግኘት አቅቶኝ ባልደረባዬ መርፌውን ተቀበለችኝ። ዳነልኝ። ከዳነ በኋላ ግን የሚያስቀምጠኝ ሰው ጠፋ። ያየኝ ሁሉ «ምን ትጠብቂያለሽ?» ይለኛል። ባለቤቴ አብደራፊ አንድ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳል፤ የሰሊጡ ሥራ ካላለቀ ብቅ አይልም። በስልክ «አንቺ እንዳልሽ ይሁን» አለኝ። እኔ ደግሞ ገና ምንም አላልኩም ነበር።

እናቴ ከዳባት መጣች። እናቴ ንጹሕ ሴት ናት። ቤቷ ውስጥ ቆሻሻ ካየች እህል አይወርድላትም። ልጁን አገላብጣ አየችና «አጥንቱ ቀረ እኮ፣ የኔ ጌታ!» ብላ አለቀሰች። ብርድ ሲገባና ወባው ሲቀንስ እንድትመልሰው ተስማማን። የቤት ውስጥ ነጠላዬን ሰጠኋት። ሳጠባው የማደርጋት፣ ላቤንም ወተቴንም የጠጣች አሮጌ ነጠላ ነበረች።

«በሷ ጠቅልለሽ አስተኚው። ጠረኔን እንዳይረሳ ነው። እንዳታጥቢያት፣ እማዬ።»

«እሺ» አለች፣ ነጠላዋን በሁለት ጣቷ ይዛ።

መኪና የሚወጣው በወታደር እጀባ ስለነበር ሰዓቱን የሚያውቅ ሰው የለም። ከሰዓት በኋላ ነው ተብሎ፣ እስከዚያ ላጠባው፣ ስመው፣ አቅፌው መናኸሪያ ድረስ ልወስደው አስቤ ነበር። ጠዋት አንዲት የምጥ ሴት መጣች። ልጇ በእግሩ ነበር የሚመጣው። እሷን ትቼ የት እሄዳለሁ? ልጇን በሰላም አውጥቼ፣ እንደ ልማዴ ደረቷ ላይ አስቀምጬ ቤት ስደርስ ቤቱ ባዶ ነው። መኪናው ቀድሞ ተነሥቷል። አንገረቡ ላይ፣ የገመድ አልጋችን ላይ፣ ልጄ የተኛበት ቦታ ገና ጎድጎድ ብሎ ነበር።

አከራዬ በር ላይ ቆመው ነበር። ግማሽ ዕድሜያቸውን ማዶ፣ ሱዳን፣ የኖሩ፣ ዛሬም ቶብ የሚባለውን የሱዳን ልብስ ተጠቅልለው ከርከዴ ሻይ የሚሸጡ እናት ናቸው። እኔ «እትዬ» ነው የምላቸው።

«ተኝቶ ሳለ ነው የወሰዱት፤ ምንም አላለቀሰ። መአሌሽ፣ አይዞሽ፣ እንዲህ ይሻላል፣ ልጄ» አሉኝ።

ለማን ነው የሚሻለው ልላቸው ፈልጌ ተውኩት። በጎ ያሉ መስሏቸው ነው።

ልጄ ሄዷል፤ ጡቴ ግን መሄዱን አልሰማም። ማዋለጃው ውስጥ የሌላ ሰው ሕፃን ባለቀሰ ቁጥር የእኔ ወተት ይወርዳል። ጋዋኔ እየበሰበሰ፣ ወላዶቹ እያዩኝ፣ እኔ ጡት አያያዝ አስተምራለሁ። በዚያ ሰሞን የተቆጣሁት ሰው ብዛቱ! የጽዳት ሠራተኛዋን፣ መዝጋቢውን፣ አንዴ ደግሞ የማላውቀውን የባጃጅ ነጂ፤ ጥፋቱ ጥሩንባ መንፋቱ ብቻ ነበር። ማታ ማታ ሳይሆን ቀን ቀን ነበር የሚብስብኝ፣ በምሳ ሰዓት፣ ሮጬ ሄጄ የማጠባበት ሰዓት ላይ።

እናቴ ስልኩን ጆሮው ላይ ትይዝለታለች። እኔ እዚህ «እማዬ ናት፣ የኔ ጌታ፣ እማዬ ናት» እላለሁ። እሱ ይተነፍሳል። ከዚያ በላይ ምንም የለም፣ ትንፋሹ ብቻ። አንድ ቀን ነጠላዬን ጠየቅኳት።

«ኧረ እሷንማ አጠብኳት!» አለችኝ፣ ደስ እያላት። «ምን ላርግሽ፣ ሸተተችኝ። በእንዶድ አሽቼ አሽቼ ፏ አደረግኋት። አሁን አዲስ መስላልሻለች።»

ስልኩን ዘግቼ ጮህኩ። በኋላ ደግሞ ደወልኩላትና «እሺ፣ ደግ አደረግሽ» አልኳት። ምን ልበላት? ልጄን ይዛልኛለች።

ብርድ ሲገባ በጸጥታው ችግር መንገዱ ተዘጋ። ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል እየተባለ ሰነበተ። ስልኩም ዝም አለ። ዳባት ሌላ አገር አይደለም። መንገድ ሲኖር ጠዋት የተነሣ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ይደርሳል። አንድ ጊዜ ልቤ አልችል ብሎ ልብሴን በፌስታል ይዤ መናኸሪያ ሄድኩ። አንድም መኪና የለም። ጥላ ሥር የተኛ ሹፌር ቀና ብሎ «ሲስተር፣ የት ለመሄድ ነው?» አለኝና እኔ ሳልመልስለት ተመልሶ ተኛ። ማንን ትከስሻለሽ? በማን ላይ ትጮሂያለሽ? ፌስታሌን ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ። እንዲህ እያለ ሰሊጡ ተዘርቶ እንደገና ደረሰ።

መንገዱ የተከፈተው በአጨዳ ወቅት ነው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከየደጋው የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ እኛ አገር ሳሉግ የሚባሉት፣ ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በየመኪናው ሞልተው መጡ። ከእነሱ መሐል እናቴ ወረደች፣ ልጄን አዝላ። ሲሄድ የሚቀመጥ ሕፃን ነበር፤ አሁን እግሩ ወገቧን አልፎ ተንጠልጥሏል።

እጄን ዘርግቼ ሮጥኩ። ፊቱን ጀርባዋ ውስጥ ቀበረ። እናቴ አወረደችውና «እናትህ እኮ ናት! ሳማት እንጂ፣ ሳማት!» ብላ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ጨዋ አድርጋ ነው ያሳደገችው። መጣና ጉንጬን ሳመኝ፣ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን፤ ከዚያ አንገቱን ሰበር አድርጎ ወደ ኋላ ተመለሰና ቀሚሷን ያዘ። ቢያለቅስ፣ ቢነክሰኝ እመርጥ ነበር። ልጄ እንደ እንግዳ ሳመኝ።

አንድ ሰው ብቻ የለመደ ልጅ እንዳይሸሽ እንዴት እንደሚቀረብ አውቃለሁ። ክትባት የሚፈሩትን የማባብለው እኔ ነኝ። አላሳደድኩትም። በግድ አላቀፍኩትም። ቤት ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ፊቴን ወደ እሱ ሳላዞር፣ የሽሮ አተር እለቅማለሁ፣ ቆርኪ እደረድራለሁ፤ ሲመጣ ይምጣ ብዬ። አንዳንዴ ቀረብ ይልና ቆርኪ ይሰጠኛል። ደስታዬን ሳልደብቅ «እሰይ!» ካልኩ ይደነግጣል። ሲያቃስት፣ ሲወድቅ፣ ሲርበው የሚሮጠው ወደ እናቴ ነው። «እማ» የሚለው እሷን ነው። እኔን ምንም አይለኝም። ከሥራ ስገባ ግን እናቴ ስትልከው፣ ለእንግዳ እንደሚደረገው፣ በሁለት እጁ ውኃ ያቀብለኛል። ሥልጠና ላይ ስለ ጡት ማጥባት፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ተቅማጥ ብዙ ነግረውኛል፤ ልጅሽ በጨዋነት ውኃ ሲሰጥሽ ምን ታደርጊያለሽ የሚለውን ግን ማንም አላነሣውም።

ነጠላዋን ከእጁ አይለያትም። አንድ ቀን ሲተኛ ጠጋ ብዬ አሸተትኳት። የእኔ ጠረን የለም። የእናቴ ቤት ትሸታለች፤ እንዶድ፣ ቅቤ፣ የደጋ ጭስ። ቅናት አንጀቴን ቆረጠኝ። በገዛ እናቴ ቀናሁ፤ አልዋሽም።

እናቴ ብዙ መቆየት አትችልም ነበር። ገብሷ ማሳ ላይ ነው፣ ሙቀቱ ደግሞ ደም ግፊቷን አስነሥቶ እግሯን አሳበጠው። ግፊቷን የምለካው እኔ ነኝና ቆዪልኝ ለማለት አፍ አልነበረኝም። ጥያቄው እንዴት ትሂድ የሚለው ሆነ።

«ሲተኛ ሹልክ እላለሁ» አለች።

«እሱ ነው የሚሻለው» አሉ አከራዬ። «እኔ ሱቅ ወስጄ ከረሜላ እያሳየሁ አዘናጋዋለሁ። ኸላስ፣ አለቀ፣ ሲመለስ የለችም። ጥቂት ያለቅሳል፣ ከዚያ ይረሳል።»

«አይሆንም» አልኩ። «እያየ ነው የምትሄጂ። ልሄድ ነው ትይዋለሽ። እጅሽን ታውለበልቢለታለሽ።»

«አበስኩ ገበርኩ! ሕፃን ልጅ ፊት? ምን ዓይነት ጨካኝ ሆነሻል አንቺ?»

«ካላየ ይፈልግሻል፣ እማዬ። ከእንቅልፉ ሲነሣ ሰው እንደሚጠፋ ካወቀ ዳግመኛ በምን ልቡ ይተኛል?»

«ይረሳል አልኩሽ እኮ! ልጅ ነው፣ ይረሳል።»

«እኔን እንደረሳኝ?»

ይህን ስላት አከራዬ ቶባቸውን ሰብሰብ አድርገው ወጡ። እናቴ እግሯን እያሻሸች «እኔ አልችልበትም፣ ልጄ። ልሂድ ብዬ ለመናገር አልችልበትም» አለችኝ። ለካ የምትሸሸው ከራሷ ለቅሶ ነበር።

በሄደችበት ቀን ግን ሞከረች። መናኸሪያ ውስጥ ጎንበስ ብላ «እኔ... አያትህ... ቤቴ ልሄድ ነው፣ አንተ ከእናትህ ጋር...» አለችው። ስማው መኪናው ውስጥ ገባች። መጀመሪያ አልገባውም ነበር። በሩ ሲዘጋ ገባው። እንዲህ ያለ ጩኸት ከእሱ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጨዋው ልጄ ቧጠጠኝ፣ ጸጉሬን ነጨ፣ በእግሩ ሆዴን ረገጠኝ፣ «እማ! እማ!» እያለ ወደ መስኮቱ ተወረወረ። አጥብቄ ያዝኩት። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

አጠገባችን ሳሉጎች የሞሉበት መኪና ቆሞ ነበር። አንዱ በጎጃምኛ ዜማው «ኧረ በማርያም! ልጁን ለናቱ ስጧት!» ብሎ ጮኸ። ሌላውም ተከተለ። በእኛ አገር ልጅ ተሰረቀ የሚለው ወሬ እንደ ቀልድ አይታይም፤ ሰው ከበበኝ። ወዲያው አንድ ፖሊስ መጣ። አዲስ ነው መሰለኝ አላውቀውም፣ እሱም አያውቀኝም።

«ልጁ የማነው?» አለ።

«የኔ ነው።»

ፖሊሱ እኔን ትቶ ልጁን አየ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ረጋ ብሎ ነው የጠየቀው። «ማሙሽ፣ እማ የታለች?»

ልጄ ጣቱን ወደ መኪናው መስኮት ዘረጋ።

እዚያ መሐል ቆሜ ምን ማስረጃ እንደማሳይ አሰብኩ። የስንቱን ልጅ የልደት ወረቀት የፈረምኩ ሴት፣ በእጄ የያዝኩት ልጅ የኔ ለመሆኑ የሚመሰክርልኝ አጣሁ። እናቴ መስኮቱን እየደበደበች «የሷ ነው! የሷ ነው! የወለደችው እሷ ናት!» ትላለች፤ ሞተሩ ስለሚጮህ ማን ይሰማታል። በመጨረሻ ሹፌሩ በሩን ከፈተላት። በዚያ ባበጠ እግሯ ወረደችና ሰው ሁሉ እየሰማ «ልጇ ነው። እኔ አያቱ ነኝ። ያሳደግኩት እኔ ነኝ እንጂ እናቱስ እሷ ናት» አለች። ልጄ ያን ሲያይ የተመለሰችለት መስሎት ጩኸቱን አቆመ። እንባው እየወረደ ሳቀላት፣ እጁን ዘረጋላት።

ከዚያ እንደገና ገባች። ሁለት ጊዜ ተለያዩ ማለት ነው፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ። ፖሊሱ «ይቅርታ፣ እህት» ብሎ ሰውን በተነ። ያ የጎጃም ሠራተኛ አንገቱን ደፋ። መኪናዋ አቧራዋን ለቃብን ሄደች።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዝምታ ነው። ልጄ በር ላይ ይቀመጣል፣ ነጠላዋን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ። መኪና ሲያልፍ ቀና ይላል። እኔ ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ። ላቅፈው ብሞክር አይገፋኝም፤ ይደርቃል እንጂ። ሳበላው ይበላል። ሳጥበው ይታጠባል። እንዲህ የሚታዘዝ ልጅ ጎረቤት ሁሉ አመሰገነልኝ። «እንዴት ያለ ጭምት ነው!» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ያ ጭምትነት ያስፈራኛል።

ነጠላዋ አዋራና ምራቅ ጠጥታ ጥቁር ብላለች። አከራዬ አላስችል ብሏቸው «አንቺ ሲስተር፣ ለሰው ሁሉ ንጽሕና እያስተማርሽ የልጅሽ ጨርቅ እንዲህ ይሁን? ወዲህ በይ እኔ ላጥባት» አሉኝ።

«አትንኩብኝ፣ እትዬ» አልኳቸው። የእናቴ ጠረን ከዚያች ጨርቅ ውስጥ በራሱ ጊዜ ይውጣ። እኔ አላወጣውም። አንድ ጊዜ የኔ ታጥቦበታል፣ ሁለተኛ ይህን አላደርግበትም።

በየጠዋቱ ሥራ ስሄድ ልጄን አከራዬ ዘንድ ነው የምተወው። ሳልነግረው ወጥቼ አላውቅም። ቁጢጥ ብዬ፣ ፊት ለፊቱ፣ «ሄጄ እመጣለሁ» እለዋለሁ። አያየኝም። ማታ «መጣሁ» እለዋለሁ። አያየኝም። ሌሎቹ እናቶች በጤና ጣቢያው በር «ልጄ አላስወጣ እያለኝ ተቸገርኩ፣ ቀሚሴን ይዞ ያለቅሳል» እያሉ ሲያማርሩ ምራቄን እውጣለሁ። ለመሄዴ የሚያለቅስልኝ ሰው አልነበረኝም። ሰው የልጁን ለቅሶ ይመኛል? እኔ ተመኘሁ። ባለቤቴ ለጥቂት ቀን መጥቶ አየንና «ይለምዳል፣ አትጨነቂ» ብሎኝ ተመለሰ። ይህን ቃል ከሰማሁት ሁሉ አብልጬ ጠላሁት፣ ምክንያቱም ልጄ የማይለምደው ነገር አልነበረም። ችግሩ ይኸው መልመዱ ነው።

ሰሊጡ ተራግፎ ሳሉጎቹ ወደ አገራቸው መመለስ የጀመሩ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ከጤና ጣቢያው ተጠራሁ። የምጥ ሴት መጥታለች፣ ደም እየፈሰሳት ነው። ጋዋኔን ለብሼ፣ እንደ ልማዴ ቁጢጥ ብዬ «ሄጄ እመጣለሁ» አልኩት። ተነሣሁ። ከኋላዬ ጋዋኔን የሚስብ ነገር ተሰማኝ። ዞርኩ። በሁለት እጁ ይዞኛል። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጩኸቱን ለቀቀው፤ ያ የመናኸሪያው ጩኸት ነበር።

አከራዬ እየሮጡ መጡ። «ልያዝልሽ! ወዲያ ላዘናጋው፣ አንቺ ሹልክ በይ!»

«አይ፣ እትዬ። ይየኝ። መሄዴን ይይ።»

ስንት ቀን የጠበቅኩት ለቅሶ ነው። ቁጭ ብዬ እሱን ይዤ ብውል የቱን ያህል በወደድኩ! ሴትየዋ ግን ደም እየፈሰሳት ነው። የልጄን ጣቶች አንድ በአንድ ከጋዋኔ ላይ አላቀቅኩ። አንዷን ሳላቅቅ ሌላዋ ትይዛለች። «እመጣለሁ፣ የኔ ጌታ፣ እመጣለሁ» እያልኩ ለአከራዬ አስረከብኩት። ድምፁ እስከ መስጊዱ መታጠፊያ ተከተለኝ። እዚያ ስደርስ እግሬ ቆመ። ወደ ኋላ መመለስ አልችልም፣ ወደ ፊትም አልሄድ አለኝ። እያለቀስኩ ሄድኩ። ሴትየዋ ተርፋለች፤ ልጇንም ደረቷ ላይ አስቀምጬላታለሁ። ያን ቀን ግን የእናትና የልጁን ትውውቅ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ቤት ደረስኩ። በር ላይ ነበር። አየኝ። ዓይኑ ዓይኔን አገኘው፣ በእርግጥ አየኝ። ከዚያ ፊቱን አኮሳተረ፣ ተነሣ፣ ነጠላዋን እየጎተተ ገባና ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ቁጭ አለ። ልጄ አኮረፈኝ። ውኃ አላቀበለኝም፣ ጉንጬን አልሳመኝም፤ አኮረፈኝ።

ከኋላው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«መጣሁ» አልኩት።

አልዞረም። ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል። ልንካው አሰብኩና ፈርቼ ተውኩት፤ ምን እንደሚሻለው አላወቅኩም። በኋላ ፊቱን ሳያዞር አንድ እጁን ወደ ኋላ ላከ፣ ወለሉን እየዳበሰ የጋዋኔን ጫፍ አገኘና ጨብጦ ያዘው።

ጠዋት ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ ውኃ አልቀመስኩም ነበር፤ ጉሮሮዬ ደርቋል። ማሰሮው ከአጠገቤ ነው፤ ለመቅዳት ግን መነሣት አለብኝ። አልተነሣሁም።